የረጅም ጉዞ ሃርሌይ፦ የሞተሩ ዕድሜ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ስለ ሃርሌይ ዴቪድሰን የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌቶች ጥንካሬ ወሬ ሲነሳ ተከራካሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን በ1984 ሞዴሎች ላይ የወጣው ኢቮሉሽን የኩባንያው የመጨረሻ ጠንካራ ሞተር እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ጉልበት ጨምረው ዕድሜ እንደቀነሱ ያምናል። ሌላው ወገን ደግሞ እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው በተሻለ ብረትና በተሻለ ልኬት ስለተሠራ የድሮውን ማወደስ ከናፍቆት አያልፍም ይላል። ኤሌክትራ ግላይድና ሮድ ኪንግን የመሳሰሉት ሞዴሎች መልካቸው የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዘመን የሚያስታውስ፣ ክብደታቸው ከ350 ኪሎ የሚያልፍ፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭነው አገር ለማቋረጥ የተሠሩ ናቸው። ሰው የሚገዛቸው ለብዙ ዓመት ሊይዛቸው አስቦ ስለሆነ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ እልባት ያጣው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ስለተጠላለፉ ነው። የመጀመሪያው ስለ መበላት ነው፦ ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና ፋሻው በስንት ኪሎ ሜትር ከልካቸው ይወጣሉ? ሁለተኛው ስለ ድንገተኛ ብልሽት ነው፦ ገና ያልተበላን ሞተር መንገድ ላይ የሚያስቀረው የትኛው ክፍል ነው? ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩ አንዴ ከወረደ በኋላ ታድሶ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። አንዱ ተከራካሪ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲመልስ ሌላው በሁለተኛው ይቃወመዋል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሳይግባቡ ይለያያሉ። የአርባ ዓመቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ስናየው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የእነዚህን ሞተሮች ዕድሜ የወሰነው ትልቁ ብረት አይደለም። የወሰነው ማንም የማያየው ትንሽ ክፍል፣ ያ ክፍል ሲበላ ፍርፋሪውን የሚጥልበት ቦታ፣ በተለይም ዘይቱን የሚያደርገው ነገር ነው።

ከብረት ሲሊንደር ወደ አሉሚኒየም

ከኢቮሉሽን በፊት የነበረው ሾቨልሄድ ከ1966 እስከ 1984 ድረስ ተሠርቷል። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ግን ብረት ነበር። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ በሁለቱ መካከል ያለው ጋስኬት በእያንዳንዱ ጉዞ ሲጨመቅና ሲላላ ይኖራል። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ የተጠጋጉ፣ የኋለኛው ሲሊንደር የፊተኛው ያሞቀው አየር የሚደርሰው ሞተር ላይ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሾቨልሄድ ዘይት በማንጠባጠብና ዘይት በመብላት ስሙ የጠፋው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1969 ኩባንያውን የገዛው ኤኤምኤፍ ምርቱን ማብዛቱና የአሠራር ቁጥጥሩ መላላቱ ደግሞ ስሙን ይበልጥ አበላሸው። በ1981 አሥራ ሦስት የሥራ ኃላፊዎች ኩባንያውን መልሰው ሲገዙት በእጃቸው የነበረው ትልቁ ተስፋ ገና ያልወጣው አዲሱ ሞተር ነበር።

ኢቮሉሽን 1340 ሲሲ ነበር፤ በይዘት ከመጨረሻው ሾቨልሄድ አይለይም። ለውጡ ያለው ሙቀትን በሚያስተናግድበት መንገድ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ውስጡ የብረት እጅጌ ያለው አሉሚኒየም ሆነ። ከታችኛው የሞተር አካል ተነስተው ሲሊንደሩን ዘልቀው ቴስታታውን የሚጨብጡ ረጃጅም ቡሎኖች መጡ። ሲሊንደርና ቴስታታ አብረው ስለሚለጠጡ ጋስኬቱ እረፍት አገኘ፤ ሙቀቱም ቶሎ ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ። የካምሻፍቱ እንቅስቃሴ ደግሞ ካቴና አልነበረውም። ከክራንኩ ጫፍ ያለው ጥርሳም መዘውር ከካምሻፍቱ ጥርስ ጋር በቀጥታ ይገጥማል፤ ፋብሪካው መዘውሮቹን በጥቃቅን የመጠን ልዩነት ለይቶ በቀለም ምልክት እያደረገ ለእያንዳንዱ ሞተር የሚስማማውን ይመርጥ ነበር። ሥራው አድካሚ ነው፤ አንዴ በትክክል ከገጠመ ግን በዚያ ክፍል የሚበላ ነገር እምብዛም የለም።

የኢቮሉሽን ደጋፊዎች ጉዳዩን እዚህ ላይ ይዘጋሉ፤ እኔ ግን ክፍት እተወዋለሁ። በሲሊንደሩ ግርጌ ያለው ጋስኬት ዘይት ማስለቀቁ የታወቀ ጉድለት ነበር። ከዚያ የከፋው በ1990ዎቹ የካምሻፍቱን የውስጥ ጫፍ በሚይዘው ኩሽኔታ ላይ የመጣው ችግር ነው። ፋብሪካው ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረውን መርፌ የሞላ ኩሽኔታ ያነሱ መርፌዎች ባሉት ሌላ ተካው። የተተካው ኩሽኔታ ሲሰበር የብረት መርፌዎቹ ወደ ዘይቱ ይወድቃሉ፣ ካምሻፍቱ ይላላል፣ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ገና ጤነኛ የሆነ ሞተር መውረድ ግድ ይሆንበታል። የኢቮሉሽን ባለቤቶች ካምሻፍት በቀየሩ ቁጥር ያንን ኩሽኔታ በድሮው ዓይነት መተካት ልማድ ያደረጉት ስለዚህ ነው። ስለዚህ ምርጥ የሚባለው ትውልድ ራሱ የሚነግረን የዚያኑ ታሪክ ነው፦ ትልቁ ብረት ይቆያል፣ ትንሿ ክፍል ታስቀራለች።

ካቴናውና ፕላስቲኩ

በ1999 ሞዴሎች ላይ ትዊን ካም 88 መጣ። ይዘቱ 1450 ሲሲ ሲሆን በአንዱ ፋንታ ሁለት ካምሻፍቶች አሉት፤ የሚዞሩትም በካቴና ነው። ካቴና ከጥርሳም መዘውር ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሞተር መዘውር እየመረጡ ማዛመድንም ያስቀራል። ካቴና ካለ ግን መወጠሪያ ያስፈልጋል። ያ መወጠሪያ ይህን ሞተር ዝናውን ለዓመታት ያጠለሸ ክርክር ውስጥ ከተተው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። መወጠሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሽፋኑ እንደተከፈተ ይታያል፣ ሌላው ካምሻፍቶቹን ከያዘው ሳህን በስተጀርባ ተደብቋል። እያንዳንዱ በጠንካራ ስፕሪንግ የሚገፋ የፕላስቲክ ንጣፍ ሲሆን በካቴናው ጀርባ ላይ ያለማቋረጥ ይጫናል። ካቴናው ከተደራረቡ ስስ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ ቅጠሎቹ በማተሚያ ሲቆረጡ የሚቀርባቸው ጠርዝ ሹል ነው። ጠርዙ ብርቱካንማውን ፕላስቲክ ይቦረቡረዋል፤ መጀመሪያ ቀጫጭን መስመሮች፣ ቀጥሎ ጉድጓድ፣ በመጨረሻም የሚገመጡ ቁርጥራጮች ይታያሉ። ቁርጥራጩ የሚወድቀው ዘይቱ ውስጥ ነው። የዚህ ሞተር የዘይት ማጣሪያ ደግሞ የሚገኘው ከፖምፓው በኋላ ስለሆነ ፍርፋሪው ማጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት በፖምፓው ጥርሶች መካከል ያልፋል፤ ፖምፓውን ይቧጭራል፣ ግፊት የሚያስተካክለውን ቫልቭ ክፍት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ፕላስቲኩ አልቆ ካቴናው ከብረቱ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ዘይቱ በብረት ብናኝ ይሞላል። ግፊት ሲወርድ በዘይት ግፊት የሚሠሩት የቫልቭ ገፊዎች ይራባሉ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ አሽከርካሪው ያን ድምፅ ሲሰማ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ደርሷል።

ለዚህ ንድፍ የሚከራከሩ ሰዎች መወጠሪያው እንደ ፍሬን ሸራ በየጊዜው የሚለወጥ ክፍል ነው፣ ጥፋቱ ሳያዩ የሄዱት ባለቤቶች ነው ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ከፊሉን እንጂ ሙሉውን አይመልስም። የፍሬን ሸራ ብናኙን መንገድ ላይ ያራግፋል፤ ሲያልቅም ፍሬኑን እንጂ ሞተሩን አይገድልም። ይህኛው ግን የሚያልቀው በሞተሩ ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ማለቁንም የሚያበስር መብራት የለውም። ሽፋኑ ከ40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በፊት ተከፍቶ ይታይ የሚለው ምክር በመካኒኮች ዘንድ የተለመደውም ብዙ ሞተሮች ከተጎዱ በኋላ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከእነዚሁ ሞተሮች በፋብሪካ መወጠሪያቸው እጥፉን የሄዱ፣ ተከፍተው ሲታዩም ፕላስቲካቸው ብዙም ያልተነካ አሉ። ይህ እውነት ነው። ልዩነቱን ብዙ መካኒኮች ከካቴናው ጠርዝ ልስላሴ ጋር ያያይዙታል፦ አንዱ ካቴና ለስለስ ብሎ ወጥቷል፣ ሌላው እንደ ሞረድ ሻካራ ሆኗል። ረጅም መንገድ አንዴ ሞቆ የሚጓዝ ሞተርና በየቀኑ አሥር ጊዜ ቀዝቅዞ የሚነሳ ሞተርም እኩል አይበሉም። ነገር ግን ይህ ልዩነት ለንድፉ ነጻ መውጫ አይሆነውም። ተመሳሳይ እንክብካቤ ያገኙ ሁለት ሞተሮች አንዱ በ40,000 ሌላው በ100,000 የሚታመም ከሆነ ባለቤቱ ሊተማመንበት የሚችል የአገልግሎት ጊዜ የለም ማለት ነው፤ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ደግሞ የሚሸጠው በዚያ መተማመን ነው።

ፋብሪካው በ2006 ዳይና በተባለው ተከታታይ፣ በ2007 ደግሞ በረጅም ጉዞ ሞዴሎቹ ጭምር በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያና ተንከባላይ ካቴና አስገባ። ጫናው ቀነሰ፣ ካቴናው ለሰለሰ፣ መበላቱም በእጅጉ ወረደ። አሮጌዎቹን ወደዚህ የሚቀይር መለዋወጫም ወጣ። ሌሎች ባለቤቶች ካቴናውን ጨርሰው አስወጥተው እንደ ኢቮሉሽን ጥርስ ከጥርስ ወደሚገጥም አሠራር ተመለሱ፤ ይህ መንገድ ግን ባልጠበቁት ቦታ አዲስ ጥያቄ ቀሰቀሰ።

ክራንኩ

የሃርሌይ ክራንክሻፍት እንደ መኪና ከአንድ ብረት የተቀረጸ አይደለም። ሁለት ከባድ ቮላኖዎች በአንድ ፒን ይያያዛሉ፤ ሁለቱ ቢየላዎች በዚያው ፒን ላይ በተንከባላይ ኩሽኔታ ይዞራሉ። በኢቮሉሽን ዘመን ፒኑ ጫፉ ሾጠጥ ያለና በዳዶ የሚጠብቅ ስለነበር ባለሙያ ፈትቶ፣ ቢየላውን አድሶ፣ መልሶ ሊያስተካክለው ይችል ነበር። ትዊን ካም ላይ ፒኑ በፕሬስ ተጭኖ የሚገባ ሆነ። በ2003 ደግሞ በክራንኩ ግራ በኩል የነበረው፣ ቲምከን በሚባለው ስም የሚታወቀው ሾጣጣ ኩሽኔታ በቀጥተኛ ተንከባላይ ተተካ። ሁለቱም ለውጦች ማምረትን ያቀላሉ፤ ሁለቱም የሚወቀሱበት ምክንያት ግን አላቸው።

በፕሬስ የተያያዘ ክራንክ ከባድ ጉልበት በድንገት ሲመጣበት ሁለቱ ቮላኖዎች በፒኑ ላይ በጥቂቱ ሊንሸራተቱና ከመስመር ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ የክራንኩ ጫፍ በትክክል መዞሩን ትቶ ይወዛወዛል። የዘይት ፖምፓው የሚዞረው በዚያው ጫፍ ላይ ስለሆነ ውዝዋዜው ወደ ፖምፓው ይተላለፋል። ወደ ጥርስ ለጥርስ አሠራር የሚመለሱ ሰዎች ውዝዋዜው ከ0.003 ኢንች፣ ማለትም ከ0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ የሚመከሩት ጥርሶቹ ይቅርታ ስለማያውቁ ነው፤ ካቴና ግን ከዚያ የበለጠውን ይችላል። ከፋብሪካ የወጡ ጤነኛ ክራንኮች ሳይቀሩ ከዚህ ልክ በላይ ሆነው መገኘታቸው ነው ክርክሩን ያቀጣጠለው። አንዱ ወገን ይህን የጥራት መውረድ ምልክት ያደርገዋል። ሌላው ካቴናው እስከቻለው ድረስ ልኩ በቂ ነው ይላል። በእኔ ግምት ሁለተኛው ወገን እንዳለ ለሚነዳ ሞተር ልክ ነው፤ ሞተሩን አሻሽሎ ጉልበቱን ለጨመረ፣ ተጎታች ለሚጎትት ወይም ፍሪሲዮኑን በኃይል ለሚለቅ ሰው ግን ልክ አይደለም። የዚህ ክራንክ ዕድሜ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ጉልበቱ በሚመጣበት ሁኔታ ላይ ያርፋል።

ስለ መታደስ የሚነሳው ሦስተኛው ጥያቄም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። መታደስ ጥንካሬ አይደለም፣ ጥሩ ሞተር መታደስ የማያስፈልገው ነው የሚሉ ሰዎች ሆንዳ ጎልድ ዊንግን ያነጻጽራሉ። ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነው፤ በቁጥርም ሊታይ ይችላል። የ1800ው ጎልድ ዊንግ ፒስተን በአንድ ምት የሚጓዘው 71 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ2007 ወዲህ ያለው ትዊን ካም ግን 111 ሚሊ ሜትር። በደቂቃ 2,800 ዙር ላይ የመጀመሪያው ፒስተን በአማካይ በሴኮንድ 6.6 ሜትር፣ ሁለተኛው 10.4 ሜትር ይሄዳል። ጎልድ ዊንግ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ ክራንኩ በዘይት ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። በንጹሕ መበላት ሚዛን ሃርሌይ ይሸነፋል ማለት ይቻላል። ሆኖም 10.4 ሜትር ለዘመናዊ ሲሊንደር ከባድ ፍጥነት አይደለም፤ ያው ሞተር በ5,500 ዙር ከሚደርስበት ግማሹ ነው። በተጨማሪም የሃርሌይ ሲሊንደር ብቻውን ተነስቶ፣ ሰፍቶ፣ አዲስ ፒስተን ገብቶለት ይመለሳል። የሚታደስ ሲሊንደር በቀላሉ ከማይታደስ ክራንክ ጋር ሲጋባ ግን ዕድሜውን የሚወስነው ክራንኩ ነው። ከኢቮሉሽን ወደ ትዊን ካም በተደረገው ሽግግር የጠፋው ትልቁ ነገር፣ ከካቴናው ይልቅ፣ ይህ ይመስለኛል።

ሙቀትና ማስረጃ

ሌላ ጎራ አለ፤ ይህን ሁሉ ትቶ ጠላቱ ሙቀት ብቻ ነው የሚል። የጭስ ሕግ ሲጠብቅ የነዳጁ ድርሻ ቀነሰ፣ የጭስ ማውጫው ማጣሪያ ሙቀት ጨመረ፣ የሞተሩ ይዘትም ከ1450 ወደ 1584፣ ከዚያም ወደ 1690 ሲሲ አደገ። ኩባንያው ራሱ ይህን በተግባር አምኗል፦ በኋለኞቹ ሞዴሎች ሞተሩ ቆሞ ሲግል የኋለኛው ሲሊንደር እንዳይተኮስ የሚያደርግ ዘዴ መጣ፤ በ2014 ደግሞ በአንዳንድ የረጅም ጉዞ ሞዴሎች ላይ በቴስታታው የጭስ ቫልቭ ዙሪያ ውኃ እንዲዘዋወር ተደረገ። ነገር ግን ሙቀት በራሱ የሚሰብረው ጥቂት ነው። ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፕላስቲኩን ያደክማል፣ ጋስኬቱን ያደርቃል። ሙቀት ወደዚያችው ትንሽ ክፍል የሚወስድ መንገድ እንጂ ራሱን የቻለ መልስ አይደለም።

ማስረጃውን ካየን ደግሞ ወገኖቹ የሚያቀርቡት ሁሉ በየራሱ አቅጣጫ ያዘነብላል። ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ሞተር ታሪክ የሚነገረው ስለደረሰ ነው፤ በ60,000 የቀረው ተሽጦ ወይም ተፈትቶ ከታሪኩ ወጥቷል። መካኒኩ በተቃራኒው ጤነኛውን ሞተር አያይም፤ በሩ ላይ የሚደርሰው የታመመው ነው። የፋብሪካ ዋስትና መዝገብ ደግሞ የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው፤ ረጅም ዕድሜ የሚባለው የሚጀምረው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። የተሻለ ማስረጃ ሊሰጥ የሚገባው የፖሊስ መዝገብ ነበር፤ የአሜሪካ ፖሊስ ከ1908ቱ ዲትሮይት ጀምሮ ሃርሌይ ሲነዳ ኖሯል፣ ጥገናውም ይመዘገባል። የፖሊስ ሞተር ግን ቆሞ ለሰዓታት ይሠራል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የሞተሩ ሰዓት ብዙ ስለሚሆን፣ አውራ ጎዳና ላይ ነፋስ እየመታው ከሚጓዝ ሞተር ጋር በኪሎ ሜትር ማወዳደር ያሳስታል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከቆጣሪው ይልቅ ተከፍቶ የታየ ሽፋንን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ቢጠይቅ የተሻለ እውነት ያገኛል።

ሚልዋውኪ-ኤይት

በ2017 የመጣው ይህ ሞተር ያለፈውን ክርክር የሰማ ይመስላል። ወደ አንድ ካምሻፍት ተመልሷል፤ ካቴናው አንድ ነው፣ መወጠሪያውም በዘይት ግፊት የሚሠራ። በአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቮችና ሁለት ካንዴላዎች አሉት፣ ንዝረት የሚቀንስ ዘንግ ተጨምሮለታል፤ የቴስታታው ሞቃት ቦታ እንደ ሞዴሉ በዘይት ወይም በውኃ ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩ ያለጊዜው ሲተኩስ የሚያዳምጥ መሣሪያም አለው። 107 የተባለው 1746፣ 114 የተባለው 1868 ሲሲ ነው። በመበላትና በሙቀት ረገድ ከቀዳሚዎቹ መሻሉን የሚክድ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅሬታ የመጣው ከዘይት ነው። እነዚህ ሞተሮች ዘይታቸውን በሌላ ቋት ነው የሚይዙት፤ ፖምፓው ሁለት ሥራ አለው፣ ዘይቱን ወደ ሞተሩ መላክና የወረደውን ከሥር ጠርጎ መመለስ። በከፍተኛ ፍጥነት በተነዱ አንዳንድ ሞተሮች ጠራጊው ጎን ወደኋላ ቀረ፤ ዘይቱ ከሥር ተጠራቅሞ ቮላኖዎቹ ሲያንቦጫርቁት ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም አየር ይቀላቀልበታል። ኩባንያው ፖምፓውን ደጋግሞ አሻሽሏል። ቀላል አድርገው የሚያዩት ሰዎች ችግሩ የደረሰው በጥቂቶች ላይ ነው፣ በአዲሱ ፖምፓም ተዘግቷል ይላሉ። ይህ ለኋለኞቹ ይሠራል፤ የ2017 እና የ2018 ሞተር የያዘ ሰው ግን ፖምፓው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል፤ በአየር የተሞላ ዘይት ደግሞ ጉዳቱን የሚያሳየው ቆይቶ በኩሽኔታና በቫልቭ ገፊዎች ላይ ነው።

በፕሬስ የተያያዘው ክራንክ ግን እንዳለ ቀርቷል፤ የሚጫንበት ጉልበት ደግሞ አድጓል። ከ114 ቀጥሎ 1923 ሲሲ የሆነው 117 መጣ፤ በ2023 በውድ ሞዴሎች ላይ 1977 ሲሲ የሆነው 121 ተጨመረ። ይህ የመጨረሻው እየተነዳ የቫልቮቹን ጊዜ የሚለዋውጥ ሲሆን፣ የሚለዋውጠውም በዘይት ግፊት ነው። መወጠሪያው በዘይት፣ የቫልቭ ገፊዎቹ በዘይት፣ አሁን ደግሞ የካምሻፍቱ አቀማመጥ በዘይት። እያንዳንዱን ለብቻው ካየነው የተሻለ ምርጫ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቀድሞ በብረት ጥርስ ይሠራ የነበረው ሥራ በአንድ ፖምፓ ጤንነት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ፖምፓ ደግሞ ዛሬም የሚዞረው በክራንኩ ጫፍ ላይ ነው።